ጥያቄ፦ አምደኛው ስለ ቆዳ ቀለም ሲጽፍ ለተማሪዎቼ ምን ልበላቸው?

መምህር ዘፍኖተሰላም

ሰላም ለሁላችሁ። ፍኖተ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ አስተምራለሁ፤ ከትምህርቱ ሌላ የሚኒ ሚዲያ ክበቡ ተጠሪ ነኝ። ጠዋት ሰልፍ ላይ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ልጆቹ ዜና ያነባሉ። ማክሰኞና ዓርብ ስፖርት ነው። በስፖርቱ ቀን ከበሩ ውጭ ያሉት ሳይቀሩ ሮጠው ይገባሉ። ስለዚህ በዚያች ማይክራፎን የሚነገረው ነገር ያሳስበኛል።

ባለፈው ሳምንት አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ከቴሌግራም የገለበጠውን ጽሑፍ ለንባብ አመጣ። ርእሱ «ጥቁር ተጫዋች ሲሮጥ እንጅ ሲያስብ ማን አይቶታል?» ይላል። ጸሐፊው በአውሮፓ ትልልቅ ክለቦች ጥቁር አሰልጣኝ ለምን እንደማናይ እነግራችኋለሁ ብሎ ይጀምርና፣ ተፈጥሮ ለአንዱ እግር ለሌላው ጭንቅላት ሰጠች ወደሚል ነገር ይገባል። አንድ ተጫዋች በስም አልጠራም። አንድ አሰልጣኝ አልጠየቀም። መጨረሻው «እናንተስ ምን ትላላችሁ? ኮሜንት ላይ እንገናኝ» ነው። ጸሐፊው ደግሞ ፈረንጅ እንዳይመስላችሁ፤ እንደኔና እንደናንተ ሐበሻ ነው።

እንዳይነበብ አደረግሁ። ልጁ ግን «ቲቸር፣ ከቻናሉ ሰው ሁሉ የሚቀባበለው እኮ ይኼን ነው፤ ሌላውን ማን ያነበዋል?» አለኝ። አንዲት የክበቡ ልጅ ደግሞ በተቃራኒው «የቀለም ነገር በስፖርት ጭራሽ አይነሳ፣ ደንብ እናውጣ» ብላ ተነሣች። ሁለቱም አላስደሰቱኝም። ተጫዋች ላይ ሙዝ ሲወረወር አይተናል፤ ያንን ሳያነሡ ስፖርት ዘገብኩ ማለት አይቻልም። ነገር ግን ያንኑ ቁስል እንጀራ ያደረጉትም አሉ።

እና ጥያቄዬ ይኼ ነው፦ የሚለው ነገር ኖሮት የሚጽፈውን አምደኛና ሰው ለመሰብሰብ ብሎ የሚጽፈውን የ16 ዓመት ልጅ በምን ይለይ? በሙያው ያላችሁ ወይም ያሰባችሁበት ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።


ጣና ዳር

መምህር፣ ጥያቄዎን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። ባሕር ዳር ላይ ብዙ ዓመት በሬዲዮ ስፖርት ሠርቻለሁ፤ አሁን ሌላ ሥራ ላይ ነኝ። ከውስጥ ያየሁትን ልንገርዎ።

አብዛኛው የስፖርት ፕሮግራም የአየር ሰዓት ገዝቶ ነው የሚሠራው። ሰዓቱን የሚከፍለው ስፖንሰር ነው፤ ስፖንሰር የሚመጣው ደግሞ ስልኩ ሲጮኽ ነው። አንድ ቀን ስለ ታዳጊዎች ሥልጠና የተዘጋጀንበትን እያቀረብን ስልኩ ዝም አለ። አዘጋጁ ከመስተዋቱ ማዶ እጁን ማወራጨት ጀመረ፤ ማስታወቂያ ሲገባ በሩን ከፍቶ «ሰው የሚያናድድ ነገር በሉ!» አለን። ከጎኔ የነበረው ባልደረባዬ ወዲያው «ሐበሻ ለምን ለኳስ የሚሆን ሰውነት የለውም፣ ምዕራብ አፍሪካዊስ ለምን ጉልበት ብቻ ሆነ?» የሚል ርእስ ከፈተ። መስመሩ ሁሉ ተያዘ። በዚያ ሰዓት ከደወለው ሁሉ የሚያውቀውን የተናገረ አልነበረም፤ ሁሉም የመሰለውን ተናገረ። አዘጋጁ ግን ረክቶ ወጣ። በሳምንቱም ያው ርእስ ተደገመ።

የዘርና የቀለም ነገር ለዚህ ሥራ ምቹ የሆነበት ምክንያት ቀላል ነው። ዝግጅት አይጠይቅም። ስለ አንድ ቡድን የመከላከል አደረጃጀት ለመናገር ጨዋታውን ማየት፣ ያውም ደጋግሞ ማየት ያስፈልጋል። ስለ «ጥቁር» እና ስለ «ነጭ» ለመናገር ግን ምንም ሳያዩ መናገር ይቻላል፣ የሚሰማውም ሁሉ የራሱ አስተያየት አለው።

ስለዚህ ለልጆቹ ሁለት ጥያቄ ይስጧቸው፦ ጸሐፊው ማንን ጠየቀ? ምን ቆጠረ? ሁለቱም ከሌሉ ጽሑፉ ገበያ ነው።

ምሳሌ ልስጥ። በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2018 የማንቸስተር ሲቲው ጥቁር ተጫዋች ራሂም ስተርሊንግ ቼልሲ ሜዳ ላይ ከተሰደበ በኋላ ኢንስታግራም ላይ የጻፈውን ያስታውሱታል? አልጮኸም። የአንድ ጋዜጣ ሁለት ርእሶችን ጎን ለጎን አስቀመጠ። ሁለቱም ስለ ማንቸስተር ሲቲ ወጣቶች ናቸው፤ ሁለቱም ወጣቶች ለእናታቸው ቤት ገዝተዋል። ነጩ ፊል ፎደን «ለእናቱ የ2 ሚሊዮን ፓውንድ ቤት ገዛ» ተባለ። ጥቁሩ ቶሲን አዳራቢዮ ግን በሳምንት 25,000 ፓውንድ የሚያገኝ፣ በፕሪሚየር ሊግ አንድ ጨዋታ እንኳ በቋሚነት ሳይሰለፍ በውድ ቤት ገንዘቡን የሚረጭ ሆኖ ቀረበ። እናቱ ከርእሱ ወጣች። ስተርሊንግ ይኼን ሲያሳይ ለብዙ ዓመት የተጻፉ አምዶች ያላደረጉትን አደረገ፤ ማንም «የመሰለህ ነው» ሊለው አልቻለም።

ጥሩ ሐሳብ ይዞም በርእስ ስስት የሚበላሽ አለ። ዲሴምበር 5 ቀን 2019 ኮሪዬሬ ዴሎ ስፖርት የተባለው የጣሊያን ጋዜጣ ለኢንተርና ለሮማ ጨዋታ መዳረሻ የኢንተሩን የሉካኩንና የሮማውን የክሪስ ስሞሊንግን ፎቶ ፊት ገጹ ላይ አወጣ። ጨዋታው ዓርብ ነው፣ ተጫዋቾቹ ጥቁር ናቸው፤ እናም «ብላክ ፍራይደይ»፣ ጥቁር ዓርብ ማለት ነው፣ ብሎ በትልቁ ጻፈበት። ውስጥ ያለው ጽሑፍ ሁለቱን ያወድስ ነበር፤ ጋዜጣውም በኋላ ዘረኝነትን ነው የተቃወምነው ብሎ ተከራከረ። ሮማና ኤሲ ሚላን ግን የጋዜጣውን ሰዎች እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከልምምድ ማዕከላቸው አገዱ። እነዚያ ሁለት ሰዎች በማንቸስተር ዩናይትድ አብረው የተጫወቱ፣ በአዲስ አገር ጥሩ ጊዜ ያሳለፉ ነበሩ። የሚጻፍ ታሪክ ሞልቶ ሳለ ከሁሉም የተመረጠው ቆዳቸው ሆነ።

መቁጠርን በተመለከተ፣ በ2020 ራንሪፒት የተባለ የዴንማርክ ድርጅት ከእንግሊዝ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾች ማኅበር ጋር ሆኖ ያወጣው ጥናት አለ። ከእንግሊዝ፣ ከስፔን፣ ከጣሊያንና ከፈረንሳይ ሊጎች 80 ጨዋታ ወስደው የእንግሊዝኛ ኮሜንታተሮች ስለ ተጫዋቾች የተናገሩትን 2,073 ዓረፍተ ነገር መዘገቡ። ስለ ጭንቅላት ከተነገረው ምስጋና 62.60 በመቶው ቆዳቸው ለፈካ ተጫዋቾች ነው የሄደው። ስለ ጭንቅላት ከተነገረው ወቀሳ 63.33 በመቶው ቆዳቸው ጠቆር ያሉት ላይ ወደቀ። ስለ ጉልበት ሲወራ ተጫዋቹ ጠቆር ያለ የመሆኑ ዕድል 6.59 እጥፍ፣ ስለ ፍጥነት ሲወራ 3.38 እጥፍ ነበር። ከነዚህ ኮሜንታተሮች ብዙዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ በቀጥታ ሥርጭት ላይ ለማሰብ ጊዜ ሲያጥር ልማድ ቀድሞ ይናገራል። አምደኛው ግን ጊዜ አለው። ቁጭ ብሎ ነው የሚጽፈው። ለዚህ ነው እሱን ይበልጥ የምጠይቀው።

እኛ ጋ ስመጣ፣ ኖቬምበር 19 ቀን 2019 ባሕር ዳር ስታዲየም ላይ አይቮሪ ኮስትን 2 ለ 1 ስናሸንፍ ሜዳ ነበርኩ። ሱራፌል ዳኛቸውና ሽመልስ በቀለ ሲያገቡ ያ ሕዝብ የሆነውን መናገር አልችልም። ከጨዋታው በፊት በየጣቢያው የሰማሁት ግን «እነሱ ግዙፍ ናቸው፣ እኛ ኳስ እንችላለን» የሚል ብቻ ነው። እነዚያ ሰዎች በአውሮፓ ትልልቅ ክለቦች የሚጫወቱት ኳስ ሳይችሉ ነው? እንግሊዛዊው ስለኛ ቢለው የምንቆጣበትን ስለ አይቮሪኮስታዊው ስንለው ትንተና ሆነ።


አራዳው ደጀን

ኳስ ኳስ ነው ጎበዝ። ቀለም፣ ዘር፣ ፖለቲካ ስታስገቡበት ነው የሚበላሸው። ልጆቹ ውጤትና የደረጃ ሰንጠረዥ ያንብቡ፣ በቃ። አገራችን በዘር የደረሰባት አንሷት ነው?


የማርቆስ ልጅ በሚኒሶታ

የደጀኑ ወንድሜ፣ ሥጋትህ ይገባኛል፤ የአማራና የትግራይ ክለቦች በየሜዳቸው መጫወት አቅቷቸው በገለልተኛ ሜዳ የተጫወቱበትን ጊዜ እኔም ከሩቅ ሆኜ አልቅሼበታለሁ። ነገር ግን ያኔ እሳቱን ያራገበው የዝምታ ብዛት አልነበረም። ሳይጣራ የተለጠፈ ወሬ ነበር። ዝም ብንል ሜዳው ለነዚያው ሰዎች ይቀራል።

መምህር እንደምን አሉ? ደብረ ማርቆስ ነው ተወልጄ ያደግሁት፤ እዚህ የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳለሁ። ልጆቹን አድርሼ ባዶውን ስመለስ የስፖርት ሬዲዮ ነው የምሰማው። አሜሪካኖቹ ይኼንን ነገር ከኛ በፊት ስለኖሩበት ልጆቹ ከነሱ የሚማሩት አለ።

ተማሪዎ ያመጣው ጽሑፍ አዲስ አይደለም። ኤፕሪል 1987 ጥቁሩ ጃኪ ሮቢንሰን ነጮች ብቻ ይጫወቱበት ወደነበረው ሊግ ገብቶ የቤዝቦሉን የቀለም አጥር የሰበረበት 40ኛ ዓመት ሲታሰብ፣ የዶጀርስ ቡድን ኃላፊ አል ካምፓኒስ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ ጥቁር አሰልጣኝ ለምን የለም ተብሎ ተጠየቀ። ለዚያ የሚያስፈልገው ነገር ሳይጎድላቸው አይቀርም የሚል መልስ ሰጠ። ይኼ ሰው ሮቢንሰን ሞንትሪያል ሲጫወት የቡድን ጓደኛው የነበረ ነው! በሁለት ቀን ውስጥ ሥራውን ለቀቀ። በዓመቱ፣ ጃንዋሪ 1988፣ ሲቢኤስ ላይ የውርርድ ግምት የሚሰጠው ጂሚ ዘ ግሪክ የሚባለው ሰው ጥቁር ስፖርተኛ የበለጠው ከባርነት ዘመን ጀምሮ ለጉልበት ስለተዳቀለ ነው ብሎ ተናገረና በማግስቱ ተባረረ።

እነዚህ ሁለቱ ሳያስቡት ያመለጣቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ታስቦበት ነው። በ2003 ኢኤስፒኤን የተባለው የስፖርት ቴሌቪዥን ረሽ ሊምቦ የሚባለውን የፖለቲካ ሬዲዮ ሰው የእሑድ የአሜሪካን እግር ኳስ ፕሮግራሙ ላይ ቀጠረው። ስለ ጨዋታው ከሌላው ይበልጥ ስለሚያውቅ አልነበረም፤ የሚከተለው ሕዝብ ነበረው። ብዙም ሳይቆይ ዶኖቫን ማክናብ የሚባለው ተጫዋች የሚመሰገነው ሚዲያው ጥቁር ኳርተርባክ (ኳሱን የሚወረውረው፣ ጨዋታውን የሚመራው ተጫዋች) እንዲሳካለት ስለሚፈልግ ነው አለ። ጫጫታ ሆነ፣ በቀናት ውስጥ ለቀቀ። አስተውሉ፣ የወሬው ሳምንት ሁሉ ስለ ሊምቦ ነበር። ማክናብ ኳሱን እንዴት እንደሚወረውር የተናገረ የለም።

ደግሞ ተናጋሪው ጥቁር ሲሆን ነገሩ ይቀየራል ብለው ልጆቹ እንዳያስቡ። በ2012 ሮብ ፓርከር የሚባል ጥቁር ጋዜጠኛ በዚያው ጣቢያ የክርክር ፕሮግራም ላይ ሮበርት ግሪፊን የተባለው ወጣት ተጫዋች እውነተኛ ጥቁር ነው ወይስ አይደለም ብሎ ጠየቀ፤ ነጭ እጮኛ አለችው እስከማለት ደረሰ። መጀመሪያ ታገደ፣ ከዚያ ውሉ አልታደሰለትም። የርስዎ የቴሌግራሙ ጸሐፊም ሐበሻ ነኝ ማለቱ አያድነውም።

አሁን ሌላኛውን ሰው ልንገርዎ፤ ልጆቹ እሱን ቢያውቁት ነው ደስ የሚለኝ። ዌንደል ስሚዝ ይባላል፤ ፒትስበርግ ኩሪየር በተባለው የጥቁሮች ጋዜጣ የስፖርት አምደኛ ነበር። ነጭ ተጫዋቾች ከጥቁር ጋር አይጫወቱም እየተባለ በሚወራበት ጊዜ፣ በ1939፣ ወደ ፒትስበርግ የሚመጡትን የናሽናል ሊግ የቤዝቦል ተጫዋቾችና አሰልጣኞች አንድ በአንድ እየሄደ ጠየቃቸው። አብዛኞቹ ከጥቁር ጋር መጫወት አንቃወምም አሉ፤ እሱም የእያንዳንዱን ቃል ከነስሙ አሳተመው። አጥሩን የያዘው ተጫዋቹ ነው የሚለው ሰበብ እዚያ ላይ ወደቀ። በኋላም ሮቢንሰንን ለዶጀርሱ ኃላፊ ለብራንች ሪኪ የጠቆመው እሱ ነው፤ በ1947 ከተማ ለከተማ አብሮት ዞሯል፣ ሆቴል ሲከለከሉ አብሮት ተከልክሏል። የጋዜጠኞች መቀመጫም ይከለከል ስለነበር ከተመልካች መካከል ተቀምጦ ይጽፍ ነበር። ስለ ቀለም ነው የጻፈው፣ ዕድሜውን ሙሉ። ግን ማንን ጠየቀ ቢባል መልስ አለው።

አንድ ነገር ጨምሬ ልሂድ። እዚህ የአበበ ቢቂላን ስም የሚያውቅ ሰው ካገኘሁ የሚያውቀው ባዶ እግሩን ነው። የክቡር ዘበኛ ወታደር እንደነበረ፣ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን በዕቅድ እንዳሠለጠነው፣ ቶኪዮ ላይ በ1964 ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ከሳምንታት በኋላ ጫማ አድርጎ እንደገና የዓለም ክብረ ወሰን እንደሰበረ አያውቁም። ሮም ላይ በ1960 ማን እንደሆነ ለማጣራት የቸኮለ ስላልነበረ፣ ከየትም የመጣ ባለ ባዶ እግር ሆኖ ቀረ። ስድብ አይደለም፣ እንዲያውም ውዳሴ ነው፤ ግን ልፋቱን ወስደው ለተፈጥሮ ሰጡበት። ስሰማው ያመኛል።

መምህር፣ ያንን ጽሑፍ አይደብቁት። ከነመልሱ ይነበብ።


የቻግኒ አሰልጣኝ

ጤና ይስጥልኝ መምህር። እኔ ቻግኒ ላይ ታዳጊዎችን አሠለጥናለሁ፣ ያለ ደመወዝ ነው። ጣና ዳር ወንድማችን ነገሩን ወደ ቤት ስላመጣው ልቀጥልበት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባላል።

ከመተከል በኩል ከማንዱራ መጥተው የሚጫወቱልኝ የጉሙዝ ልጆች ነበሩ። አንዱ አማካይ ነው። ኳስ ከመድረሱ በፊት ሁለት ጊዜ አንገቱን ያዞራል፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ፤ ኳሱ ሲደርሰው የት እንደሚሰጥ ወስኗል። ይኼንን እኔ አላስተማርሁትም፣ ሲያደርግ አይቼ ለሌሎቹ ያስተማርሁት ነው። የከተማ ውድድር በነበረ ጊዜ በሞንታርቦ ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ሰው ግን ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ «የጉልበት ማሽኑ» ይለዋል። ቡድኑ ውስጥ ከሱ የቀጠነ ልጅ የለም! ሕዝቡ ይስቃል፣ አስተላላፊው ይሞቀዋል፣ ይደግመዋል። ከዚያ ከዳር አንዱ ያንን የድሮ ስድብ ጣለ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፣ ጎጃም ያደገ ሁሉ ያውቀዋል።

ለአስተላላፊው በዕረፍት ሰዓት ሄጄ «የልጁን ስም ታውቃለህ?» አልሁት። አያውቅም። የሌሎቹን ግን በስማቸው ሲጠራ ነበር። ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠሁት፣ ሁለተኛው አጋማሽ በስሙ ተላለፈ። አንዳንዴ ከዚህ በላይ ሊቃውንትነት አይጠይቅም።

አልማዝ አያናንም አንሡላቸው። የወንበራ ልጅ ናት፤ ወንበራ ድሮ በጎጃም ክፍለ ሀገር መተከል አውራጃ ውስጥ ነበር። ሪዮ ላይ በ2016 አሥር ሺውን በ29:17.45 ስትገባ ከ1993 ጀምሮ የቆየውን የቻይናዊቷን ዋንግ ጁንሺያን 29:31.78 ሰበረች። ወዲያው አበረታች መድኃኒት ተባለ። ክብረ ወሰን ከ14 ሰከንድ በላይ ሲሻሻል ጋዜጠኛ መጠየቁ ሥራው ነው፤ መጠየቁን ዘረኝነት አልለውም። እሷም ቀርባ መለሰች፦ ሠልጥኛለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ የኔ ዶፒንግ ኢየሱስ ነው አለች። እኔ ካነበብሁት አብዛኛው የመጨረሻዋን ቃል ይዞ ሮጠ፤ ምክንያቱም ርእስ ትሆናለች። ሠልጥኛለሁ ያለችውን ይዞ ምን ሠለጠነች፣ በሳምንት ምን ያህል ሮጠች፣ ማን አሠለጠናት ብሎ የጻፈ ፈልጌ ለልጆቼ የማነብላቸው አጣሁ።


መምህር ዘፍኖተሰላም

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ኔትወርክ ጠፍቶብን ዘግይቻለሁ።

የማርቆሷ እህቴ እንዳለችው ጽሑፉን አውጥተን ክበቡ ውስጥ አነበብነው። ልጆቹ በየዓረፍተ ነገሩ ዳር «ማንን ጠየቀ?» «ምን ቆጠረ?» እያሉ በእርሳስ ጻፉበት። ዳሩ ሁሉ ባዶ ሆነ። ከዚያ ቅዳሜ ዕለት አራት ልጆች ይዤ ዲኤስቲቪ ቤት ገባሁ። ባለቤቱ ተባብሮን ከድምፅ ማጉያው ሥር አስቀመጠን። ደብተራቸውን ለሁለት አሰመርን፤ በአንድ በኩል ስለ ሰውነት የተነገረ፣ በሌላ በኩል ስለ ጭንቅላት የተነገረ፣ ከፊቱ የተጫዋቹ ስም።

ያልጠበቅነው ክርክር የመጣው «ጠንካራ» የሚባለው የትኛው ውስጥ ይግባ በሚለው ነው። ሰውየው ገጥሞ ሲያሸንፍ ጉልበት ነው፤ ከተመራ በኋላ ተስፋ ሳይቆርጥ ሲጫወትስ? አንደኛዋ ልጅ ሦስተኛ መስመር አሰመረች። ጽሑፉን ያመጣው ልጅ ደግሞ «ቲቸር፣ ይኼ ልጅ በእውነት ፈጣን ነው እኮ፣ ፈጣን አይባል ነው?» አለኝ። ይባል እንጅ! ፈጣኑን ፈጣን ማለት ማንንም አልበደለም። መከላከያው ከመዞሩ በፊት መቼ መነሣት እንዳለበት ማወቁንም ግን ጻፍ አልሁት፤ ያንን ኮሜንታተሩ ካላለው አላለም ብለህ ጻፍ። ገና ጥቂት ጨዋታ ስለሆነ ውጤት ብዬ የማወራው የለኝም፤ ልጁም አልተረታም፣ ሰኞ ተመልሶ ሊከራከረኝ ነው።

ደንብ እናውጣ ያለችው ልጅ በአማርኛው ላይ ነው መሥራት የፈለገችው፤ የኛ ሰዎች ስለ ናይጄሪያ፣ ስለ አይቮሪ ኮስትና ስለ ጋና ቡድኖች ሲናገሩ የሚሉትን መቁጠር። ሐሳቧን ወድጀዋለሁ። ችግሩ የድምፅ ቅጂ የለንም። ጣና ዳር ወንድሜ፣ ከዚያ ከ2019ኙ ጨዋታ በፊት የተላለፉ ፕሮግራሞች እጅዎ ላይ ካሉ፣ ወይም ያለው ሰው ካወቁ፣ በፍላሽ አድርገው ወደ ፍኖተ ሰላም በሚመጣ ሰው ቢልኩልን እንመልሳለን። የቻግኒው አሰልጣኝም ፈቃድዎ ከሆነ ስለዚያ አማካይ ልጅ በስሙ፣ እሱን ራሱን ጠይቀን፣ ለማክሰኞው ፕሮግራም እንድንጽፍ ስልክ ቁጥርዎን በውስጥ መስመር ይላኩልኝ።